የጣና ዳር ልጆችና ከሰው በላይ የሆነ ኃይል፦ ልብ ወለዴ ለምን የውጭ ሸተተ?

ጥያቄ፤ ከ«ዘንባባ ሥር»

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባሕር ዳር የምኖር፣ ቀን በአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር የምሠራ፣ ማታ ደግሞ ከሦስት ዓመት ወዲህ አንድ ልብ ወለድ ስጽፍና ስሰርዝ የማመሽ ሴት ነኝ። መጽሐፉን ያሰብሁት ከ12 እስከ 18 ዓመት ላሉ ወጣቶች ነው። ዓይነቱም በውጭ አገር ብዙ አንባቢ ያለው፣ ተራ ተማሪ የነበሩ ልጆች አንድ ቀን ከሰው በላይ የሆነ ኃይል አግኝተው፣ ያንን ከወላጅና ከመምህር እየሸሸጉ የሚኖሩበት የምናብ ታሪክ ነው። እንዲህ ያለውን የሚወድ ወጣት በከተማችን እንዳለ ከመደብሩ ደንበኞች አውቃለሁ፤ ደብተር ሊገዙ መጥተው በስልካቸው ያነበቡትን ሲተራረኩ በየቀኑ እሰማቸዋለሁ።

ታሪኬ ባጭሩ እንዲህ ነው። አራት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች እምቦጭ ለመንቀል በአውቶቡስ ወደ ፎገራ ዳርቻ ይሄዳሉ። እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ቆመው ሲነቅሉ ይውሉና ይመለሳሉ፤ ሳምንት ሳይሞላ በእያንዳንዳቸው ላይ አንዳች ነገር ይገለጣል። ማኅሌት በሐይቁ ላይ የሚነገረውን ከሩቅ ትሰማለች። ዮናስ አንድ ጊዜ የሰማውን ነገር ቃል በቃል አይረሳም። ሰላም ትንፋሿን እስከያዘች ድረስ ሰው አያያትም። አራተኛው ደምሌ ነው፤ አባቱ ቀጥቃጭ ነው፤ ልጁ ሌሊት ወደ ጅብነት ይለወጣል፣ በመጨረሻም ጓደኞቹን ከድቶ ይነሣባቸዋል። ይህን ክፍል ከአያቴ ተረት ስለወሰድሁት፣ ከመጽሐፉ ሁሉ በእርግጥ የእኛ የሆነው እርሱ ይመስለኝ ነበር። ማኅሌት ሌሊት ከክፍሏ በመስኮት ወጥታ፣ ክብራን ገብርኤል ገዳም ሾልካ ገብታ ምሥጢሩን ታገኛለች፤ የመጨረሻው ፍልሚያ ደግሞ በሚያዝያ ወር ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ሥር፣ ውኃው እያገሳ ይካሄዳል።

ረቂቁን ያነበበች ጓደኛዬ «ልጆቹ ስማቸው አማርኛ ሆነ እንጂ የውጭ ልጆች ናቸው» አለችኝ። ተከፋሁ። ደግሜ ሳነበው ግን እውነቷን ሆኖ አገኘሁት፤ የት ላይ እንደሳትሁ ብቻ ለይቼ ማወቅ አልቻልሁም። ደግሞም ኃይሉን በአማርኛ ምን ብዬ ልጥራው? «ልዕለ ኃያል» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ነገር ግን ባነበብሁት ቁጥር ከዜና የወጣ ይመስለኛል። በመጨረሻም፣ ወላጆች «ጥንቆላ ነው» ብለው መጽሐፉን ከልጆቻቸው እጅ እንዳይቀሙት እሠጋለሁ። በዚህ ነገር ያሰበበት ሰው ካለ ቢያማክረኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፤ ከ«የማለዳ ጀልባ»

እኔ ጸሐፊ አይደለሁም፤ ጎብኚዎችን በሞተር ጀልባ ወደ ደሴቶቹ የማመላልስ ሰው ነኝ። ስለዚህ በማውቀው ልወሰን።

ክብራን ገብርኤል የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴት አትገባበትም፤ ዳጋ እስጢፋኖስም እንዲሁ ነው። ማኅሌት ሌሊት ሾልካ ገባች ብለው ከጻፉ የባሕር ዳር አንባቢ ምሥጢሩን ትቶ ድፍረቷን ሲያወራ ይከርማል፤ እርስዎ የፈሩት የወላጆች ቁጣም የሚመጣው ከኃይሉ ይልቅ ከዚህ ይመስለኛል። ነገር ግን ልጅቷ የምትሰማ አይደለችምን? አጠገቡ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ለሴቶች የተፈቀደ ነው፤ በዚያ ዳርቻ ተቀምጣ ታድምጥ። መግባት የማትችልበትን ደሴት ድምፁን ብቻ መስማቷ ከሾልኮ መግባት ይልቅ ልብ ይሰቅላል።

ስለ ጢስ ዓባይም አንድ ነገር ልበል። ፏፏቴው ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከሐይቁ የሚወጣው ውኃ ጨረጨራ ላይ በግድብ ይመጠናል፤ ከፏፏቴው በላይ ደግሞ ለኤሌክትሪክ ማመንጫው ይጠለፋል፤ በዚህ ምክንያት በበጋ የሚወርደው ውኃ የሳሳ ነው። በሚያዝያ ሄደው «ይኸው ነው እንዴ?» ብለው የተመለሱ እንግዶች ብዙ አውቃለሁ። ማገሳቱን ከፈለጉ ነሐሴን ወይም መስከረምን ይምረጡ፤ መስከረም ደግሞ ትምህርት የሚከፈትበት ስለሆነ ለተማሪዎች ታሪክ ይመቻል።

ሦስተኛውን ሳይጠየቅሁ ልጨምር። ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ውኃው ይናወጣል፣ ስለዚህ እኛም ረጅሙን መንገድ በማለዳ መጀመር እንመርጣለን። ጸጥ ያለ ውኃ ድምፅን አይውጥም፤ በተለይም ከውኃው አጠገብ ያለው አየር ቀዝቀዝ፣ ከላይ ያለው ሞቅ ሲል ድምፁ ወደ ታች እየታጠፈ ሩቅ እንደሚደርስ አንድ የፊዚክስ መምህር ተሳፋሪዬ አስረድተውኛል። የልጅቷ ጆሮ እንግዲህ ጠዋት ይሥራ፣ ነፋሱ ሲነሣ ይዘጋ። ኃይሏ በፈለገችው ሰዓት የሚታዘዛት ከሆነ ጣናን ጣና ያሰኘው ነገር ምኑ ላይ ነው?

መልስ፤ ከ«የባለ እጅ ልጅ»

ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ ሁለቱንም ጊዜ ደምሌ ላይ ስደርስ ቆምሁ።

አባቴ ቀጥቃጭ ነበር፤ እናቴ ጀበናና ምጣድ ትሠራለች። ገበሬው ማረሻውንና ማጭዱን ለማሠራት ወደ ቤታችን ይመጣል፤ አባቴ ሥራውን ሲጨርስ ያመሰግናል፣ ይከፍላል፣ ይሄዳል፤ ልጁን ግን ለእኛ አይድርም፣ ከእኛም ልጅ አያጭም። ምክንያቱን ማንም ፊት ለፊት አይናገርም። ቃሉን እርስዎም በጥያቄዎ ውስጥ አልጻፉትም፤ ነገር ግን ቀጥቃጭ አባትና ሌሊት ጅብ የሚሆን ልጅ አንድ ላይ ከተጻፉ አንባቢው «ቡዳ» ብሎ ራሱ ይሞላዋል።

10ኛ ክፍል ሳለሁ፣ በፈተና ጠዋት፣ ከፊቴ የምትቀመጥ ልጅ ሆዷን ይዛ ወደቀች። ከደጅ ስንገባ አዲስ የተሠራችውን ሹሩባ አይቼ «እንዴት ያምራል» ብያት ነበር፤ እንትፍ እንትፍ አላልሁም፤ ማለት እንዳለብኝም አላሰብሁም። ልጅቷ ስታቃስት አንዱ «ጤና አዳም አሽቷት» አለ፤ ሌላው «ማን በላሽ?» ብሎ ጠየቃት። እርሷ ምንም አልመለሰችም፤ ክፍሉ በሙሉ ግን ወደ እኔ ዞሮ ነበር። ሕመሙ ታይፎይድ ነበር፤ ድና ተመልሳ መጣች። እኔ ግን ያን መንፈቅ በሦስት ሰው ወንበር ላይ ብቻዬን ተቀምጬ ጨረስሁ፤ ያንን ቃል የተናገረውም ሰው መልሶ አልዋጠውም።

ይህን የምነግርዎ እንዲያዝኑልኝ አይደለም፤ ጓደኛዎ «የውጭ ልጆች ናቸው» ያለችበት ምክንያት እዚህ ያለ ስለመሰለኝ ነው። በምናነባቸው የውጭ ታሪኮች ልጁ መጀመሪያ ኃይሉን ያገኛል፣ ሰዎች ቀስ በቀስ ያውቁበታል፣ ከዚያ በኋላ ይፈሩታል። በእኛ ዘንድ ግን ፍርሃቱ ከኃይሉ ቀድሞ የኖረ ነው፤ ስም አለው፣ መድኃኒት አለው፣ የትኛው ቤተሰብ ላይ እንደሚያርፍም ከልጁ ልደት በፊት ተወስኗል። እርስዎ ይህንን ሁሉ አገኙና ለክፉው ልጅ ሰጡት፤ አያትዎ የነገሩዎትም እንዲሁ ስለነበር አልፈርድብዎትም።

አንድ ሐሳብ ላቅርብ፤ ካልተስማማዎት ይተዉት። ደምሌ ምንም ኃይል አይኑረው። ሦስቱ በእርግጥ ኃይል ያላቸው ልጆች በማንም አይጠረጠሩ፤ ቤተሰቦቻቸው የተከበሩ ናቸውና። ከተማው ከአራቱ መካከል የሚጠረጥረው ምንም የሌለውን አንዱን ብቻ ይሁን። ሦስቱ ሊያድኑት የሚችሉት ራሳቸውን በመግለጥ ብቻ ነው፤ ቢገልጡ ደግሞ እርሱ የደረሰበት ይደርስባቸዋል። የዚህን መጽሐፍ መጨረሻ ለማወቅ እኔ ሌሊት ቁጭ ብዬ አነባለሁ።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ታንኳ የሚሠሩትን የነገደ ወይጦ ሰዎች በታሪክዎ ካስገቡ፣ ለጀግናዋ ምሥጢር ነግሮ የሚሰወር ሽማግሌ አያድርጓቸው። ደንገል ቆርጦ፣ አስሮ፣ ውኃ የጠጣውን ታንኳ ዳር አውጥቶ የሚያደርቅ፣ ትምህርት ቤትም የሚሄድ ልጅ በመካከላቸው አለ፤ እርሱን ይጻፉ።

መልስ፤ ከጠያቂዋ፣ «ዘንባባ ሥር»

ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። ተረቱን አያቴ ስትነግረኝ ጅቡን ብቻ ነበር ያየሁት፤ ከጅቡ በስተጀርባ የማን ቤት እንዳለ አልጠየቅሁም። የክብራንንም ክፍል ዛሬ ማታ እሰርዘዋለሁ፤ በዚህ ከተማ ተወልጄ ያንን መጻፌ ለራሴም ገርሞኛል።

ሐሳብዎ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። የምፈራው አንድ ነገር ነው፤ ወጣት አንባቢ ኃይል ያላቸውን ሦስቱን እየተከተለ ምንም የሌለውን ደምሌን አይሰለቸውም ይሆን? ስለ ቃሉም እስካሁን መልስ አላገኘሁም።

መልስ፤ ከ«የሰዋስው መምህር»

ስለ ቃሉ እኔ ልሞክር፤ አማርኛ የማስተምር ሰው ነኝ። «ልዕለ ኃያል» የዜና ሽታ አለው ማለትዎ ትክክል ነው፤ ኒውክሌር የታጠቁ መንግሥታትን እንጂ የ11ኛ ክፍል ተማሪን አያስታውስም። «ጸጋ» እና «ሀብት» የቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ ለማኅሌት ቢሰጧት ቅድስት ያደርጓታል። «መተት»፣ «ድግምት»፣ «አስማት» ቢሏት ደግሞ አንድ ደብተራ ዘንድ ሄዳ የተማረች ይመስላል። «ተሰጥዖ» የወላጆች በዓል ዕለት ከመድረክ ላይ የሚነገር ቃል ነው። ቃላቱን ደርድሬ ሳያቸው ያስተዋልሁት ነገር፣ ቋንቋችን ለእንዲህ ያለ ነገር ገለልተኛ ስም የሌለው መሆኑን ነው፤ ወይ ያመሰግናል፣ ወይ ይከስሳል። ከእኔ በፊት የጻፉት ሰው ያሉትንም ይህ የሚያጠናክር ይመስለኛል። እኔ ብሆን ስም አልሰጠውም ነበር። ልጆቹ እርስ በርሳቸው «ያ ነገር» ይበሉት፤ ወጣቶች የሚያፍሩበትንና የሚፈሩትን ሁሉ እንዲሁ ነው የሚጠሩት።

ከስሙ ይልቅ ግሡ ላይ ይድከሙ። በአማርኛ ራበኝ፣ በረደኝ፣ ናፈቀኝ እንላለን፤ ረኀቡም፣ ብርዱም፣ ናፍቆቱም ባለቤት ሆነው ሲመጡ ሰውየው የሚመጡበት ነው። «ማኅሌት ኃይሏን ተጠቅማ አዳመጠች» የሚለው ዓረፍተ ነገር የተዋሰ ልብስ ነው፤ «ማኅሌት ተሰማት» የሚለው ግን በሁለት ቃል መስማቱንም፣ ስሜቱንም፣ ሳትጠይቅ የመጣባት መሆኑንም ይናገራል። ዮናስም «ያስታውሳል» ከሚባል «ትዝ ይለዋል» ይባል፤ ትዝታ ፈቃድ አይጠይቅም። ሰላምም «ራሷን ሰወረች» ከምትባል «አትታይም» ትባል። ጓደኛዎ የሸተታት የውጭ ነገር ግማሹ ከዚህ የመጣ ሳይሆን አይቀርም።

ሌላው ግማሽ መስኮቱ ነው። ማኅሌት «ከክፍሏ» በመስኮት ወጣች ይላሉ። የምን ክፍል? በባሕር ዳር ስንት ተማሪ የራሱ ክፍል አለው? የብዙዎቹ ተማሪዎቼ እኅትና ወንድም በአንድ አልጋ ይተኛሉ፣ አክስት ከገጠር ስትመጣ ሳሎን ይለቀቅላታል፣ ጠዋት ደግሞ ቡና የተጠራች ጎረቤት የልጅቱን ፊት አይታ «ምነው ከሳሽ?» ትላለች። የዚህ ዓይነቱ ልብ ወለድ ደራሲዎች ወላጆችን ከቤት ለማስወጣት ብዙ ይደክማሉ፤ ወይ ይሞታሉ፣ ወይ ሥራ ይበዛባቸዋል፣ ወይ ልጆቹ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ይላካሉ። እርስዎ ማንንም አያስወጡ። ሰላም በአንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሰው እያለ ትንፋሿን ይዛ ስትጠፋና እናቷ «ይህች ልጅ አሁን እዚህ አልነበረችም?» ስትል ይታየኝና ብቻዬን እስቃለሁ።

ስለ ዮናስ አንድ ነገር ይጨመር። የሰማውን የማይረሳ ልጅ በእኛ አካባቢ ከታየ ሰው ወዲያው «አብሾ ጠጥቶ ነው» ይላል። የአብነት ተማሪዎች ትምህርት እንዲገባቸው ይጠጡታል እየተባለ የሚነገርለት መድኃኒት ነው፤ ዋጋው ግን አብሮት ይወራል፤ በትንሽ ነገር የሚገነፍለውን ሰው «አብሾ አለበት» የምንለው ከዚያ የተነሣ ነው። ወሬውን ይጠቀሙበት፤ ከምን እንደሚዘጋጅ ግን አንዲት መስመር አይጻፉ፤ የ14 ዓመት አንባቢ ለማትሪክ ሲል ሊሞክረው ይችላልና።

የክርስትና ስምንም አይርሱት። መተት የሚሠራው በእርሱ ነው ተብሎ ስለሚፈራ፣ የአንዳንድ ተማሪዎቼን የክርስትና ስም የቅርብ ጓደኞቻቸው እንኳ አያውቁትም። አራቱ ልጆች ስማቸውን የሚነጋገሩበት አንድ ምሽት ቢኖር፣ በውጭ ታሪክ የደም ቃል ኪዳን የሚሠራውን ሥራ ይሠራል።

ስለ ወላጆች ቁጣም ብዙ አይሥጉ። በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ተብሎ የሚታወቀውን መጽሐፍ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የዘጌ ሰው ናቸው፤ እርስዎ ከሐይቁ ዳር ቆመው የሚያዩት ባሕረ ገብ ምድር ማለት ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ አንዲት ወጣት የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ማንነቷን ሸሽጋ ትጓዛለች። ማንነቱን የሚሸሽግ ወጣት ለአማርኛ ልብ ወለድ እንግዳ አይደለም።

መልስ፤ ከ«ተረኛ ነርስ»

አጭር ነገር ነው። ድምፅ መስማት አብሮት ያለባቸው ከባድ የአእምሮ ሕመሞች ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት በጉርምስና ማብቂያና በወጣትነት መግቢያ፣ ማለትም በመጽሐፉ አንባቢዎች ዕድሜ አካባቢ ነው። እናት የሰማች ዕለት ማኅሌትን ወደ ጠበል ይዛት ትሄዳለች፤ ይህንን ይጻፉት፣ እውነት ነውና፤ ነገር ግን በዚያው መንገድ ጤና ጣቢያም ትግባ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ደግሞም የምትሰማው ነገር የሚረጋገጥ ይሁን፤ ማኅሌት የሰማችውን ማዶ የነበረ ሰው በኋላ በራሱ አፍ ይናገረው። ድምፁ «እንዲህ አድርጊ» ብሎ አይዘዛት። እንዲህ ከሆነ በእርግጥ የታመመ አንባቢ ሕመሙን እንደ ኃይል ቆጥሮ መድኃኒቱን አይተውም።

መልስ፤ ከ«የባለ እጅ ልጅ»

ደምሌ ይሰለች እንደሆነ ለጠየቁት፦ አባቴ ብረት ከእሳት ሲያወጣ ቀለሙን አይቶ ብቻ ሙቀቱን ያውቅ ነበር፤ አሁን ቢመታ ይሰነጠቃል፣ አሁን ቢመታ ይታዘዛል፣ አሁን ውኃ ውስጥ ቢገባ ይጠነክራል ይላል። እኔ ወናፍ እየነፋሁ ሳየው ያደግሁት ነገር ነው፤ እስከ ዛሬ ግን ከቀለሙ ጥላ ውጭ ምን እንደሚያይ አልገባኝም። ሦስቱ ልጆች ኃይላቸው በሳምንት ውስጥ መጣላቸው፤ ደምሌ እጁን እስኪያገኝ አሥር ዓመት ፈጀበት። አንድ ምዕራፍ ጉጠትና መዶሻ ይዞ ያሳዩት፤ ከዚያ በኋላ ማን እንደሚሰለች እናያለን።

መልስ፤ ከጠያቂዋ፣ «ዘንባባ ሥር»

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ሌሊት የመጀመሪያውን ምዕራፍ ትቼ እንደገና ጀመርሁ። ጅቡን አላጠፋሁትም፤ ሌሊት ከከተማው ዳር ይጮኻል፣ ደምሌም እንደ ማንኛውም ልጅ ብርድ ልብሱን ይሸፈናል።

ፍልሚያ የነበረው ክፍል አሁን በመስከረም ጠዋት፣ በክፍል ውስጥ ሆኗል። አንዲት ልጅ ትወድቃለች፤ «ማን በላሽ?» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ፊት ሁሉ ወደ ደምሌ ይዞራል። ማኅሌት በማለዳ ከሐይቁ ዳር ሳለች የልጅቱ እናት በጀልባ ላይ ሆና «ሌሊቱን ስታተኩስ አደረች» ስትል ተሰምቷታል፤ ትኩሳቱ ከደምሌ ጋር ከመተያየታቸው በፊት የጀመረ መሆኑን የምታውቀው እርሷ ብቻ ናት፤ እንዴት እንዳወቀች ግን መናገር አለባት። ዮናስ ማን ምን እንዳለ፣ ማን ቀድሞ ጣቱን እንደቀሰረ፣ ከሃያ ዓመት በኋላም ቃል በቃል ትዝ ይለዋል። ሰላም ከደምሌ ጋር በአንድ ወንበር የምትቀመጥ ናት። ፊቶቹ ወደዚያ ወንበር ሲዞሩ ትንፋሿን ያዘች።

እስከ መቼ እንደምትይዘው ገና አልጻፍሁትም።